የተፋቀችው እሳት

«ሲግናል ያለችው ሴትዮ እኮ ሦስት ልጆቿ ባንድ ቀን ነው አልጋ የያዙባት!» አለች ጵርስቅላ ሽንኩርት እየከተፈች። «ምክንያቱ ሲፈለግ፣ ሲፈለግ፣ አልጋው ሥር ምልክቱ ያለበት ቆርቆሮ ተገኘ። እሱ ከቤት ሲወጣ ልጆቹ ብድግ ብለው ምሳ ጠየቁ።»

ዳርቱ ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማችው መቁጠር ትታለች። መጀመሪያ ሲወራ ልጆቹ ሁለት ነበሩ። ወሬው እሑድ እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለስ ትንሽ ወፈር ይላል፤ ሦስተኛው ልጅም የተወለደው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ሴትዮዋ ራሷ አንድ ሰሞን የመገናኛ ሰው ነበረች፤ በኋላ ማንም ሳያያት ሲግናል ገባች። ከወሬው ውስጥ ያልተለወጠው ምልክቱ ብቻ ነው፤ በቀይ ክፈፍ ውስጥ የምትነድ ትንሽ እሳት፣ ወይም በሁለት አጥንት ላይ የተቀመጠ የራስ ቅል። ፋብሪካዎች በየቆርቆሮውና በየጀሪካኑ ላይ የሚያትሙት ይህ ሥዕል ማስጠንቀቂያ ሳይሆን የሰይጣን ማኅተም ነው ይባላል። የገባበት ቤት ጠብ አያጣውም፤ የቤቱም ሴት ፅንስ አይቆምላትም።

«ሴትዮዋ ስሟ ማነው?» አለች ዳርቱ።

«ስሟ ምን ያደርግልሻል?»

«ልጠይቃት ነዋ። ከመገናኛ ስትለቅ ዕቃዋን ማን እንደጫነላት።»

በሩ ሥር ተቀምጣ ምስር የምትለቅመው እናቷ ወለተጊዮርጊስ ሳቋን ልታፍን ስትል ሳሉ ቀደማት። ጵርስቅላ ቢላዋዋን አስቀምጣ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ከግቢው ያ የለመዱት ድምፅ ተሰማ፤ ምላጭ ቆርቆሮ ሲፍቅ፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ።

«ዛሬ ደግሞ ተረኛው ማነው?»

«የበረሮው መድኃኒት» አለች እናቷ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ተያት፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ሁለት ጊዜ ፅንስ የወረደባት ሴት ምላጭ ብታነሳ ቆርቆሮ ላይ ነው። ተመስገን በይ።»

ዳርቱ ምላሷን ሰበሰበች። ይህ ደግሞ ለእሷ ቀላል ሥራ አይደለም። ወሰን መንገድ ዳር ካላት ጠባብ ፀጉር ቤት ደንበኛ የሚመጣው ግማሹ ለሹሩባው፣ ግማሹ ምላሷን ለመስማት ነው ይባል ነበር።

ቤታቸው ከጋራዦቹ ጀርባ ነው። አባታቸው በሕይወት ሳሉ ከዚያ ጀምሮ እስከ ጋራው ግርጌ ገብስ ይዘሩበት ነበር። ከተማው እየበላ እየበላ መጥቶ የተረፈላቸው ሦስት የጭቃ ክፍልና በቆርቆሮ የተከለለ ማድቤት ነው። አንዱን ክፍል ጋሽ ሣህሌ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ሹፌር ተከራይተውታል። በሌላው የዳርቱ ታላቅ ወንድም ጉዲሳ ከሚስቱ ከጵርስቅላ ጋር፣ በሦስተኛው እናትና ልጅ ይኖራሉ። ጉዲሳ ሃይማኖቱን ቀይሮ ጵርስቅላን ሲያገባ ዘመድ ሁሉ ፊቱን አዙሮበት ነበር። ወለተጊዮርጊስ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ «አምላኩን እኔ አልመርጥለትም፤ እራቱን ግን እዚሁ ይብላ» አለችና ነገሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ልጇና ምራቷ ከዚህ ግቢ እንዳይወጡባት። ጵርስቅላ ደግሞ ተወልዳ ያደገችው ሲግናል ነው፤ ወላጆቿም ቤተ ክርስቲያኗም እዚያ ናቸው። በተከፋች ቁጥር «ሲግናል ቤት እንከራይ» ትላለች። ይህቺ ቃል በተነሳች ቁጥር ወለተጊዮርጊስ የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል። የስንቱ ብርጭቆ ደም በዚህ ቃል ፈሷል።

በዚያው ሳምንት የበረሮው መድኃኒት ነገር አመጣ። ወለተጊዮርጊስ ማድቤቱን ረጭታ ስታበቃ ቆርቆሮውን ፍም ከያዘው የከሰል ምድጃ አጠገብ አስቀመጠችው። ጉዲሳ እጁን ሊታጠብ ሲገባ አየውና ዘሎ አነሳው። ግሎ ስለነበር ከእጅ እጅ እያቀያየረ ወደ ግቢ ወረወረው።

«እማዬ! ይሄ እኮ ቦምብ ነው! ሲሞቅ ይፈነዳል አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል። እሳት የተሳለበትን ከእሳት አርቂ ብለኸኛል። እስቲ እሳቱን አሳየኝ።»

ጉዲሳ ቆርቆሮውን በእግሩ አገላበጠው። እሳቷ በነበረችበት ቦታ የተጫጫረ ብረት ብቻ ያብለጨልጫል።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ» አለች እናቱ። «ሥዕሉ ነበር ፊደሌ።»

ጉዲሳ ወደ ሚስቱ ዞረ። የመኪና ቀለም ቀቢ ነው፤ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው በከፈቱት ጋራዥ ቀኑን ሙሉ ቲነር ሲያሸት ስለሚውል ወደ ቤት ሲመጣ ትዕግሥቱ አልቆ ነው። «ስሚ፣ ይሄ ሥዕል "እሳት አታስጠጉኝ" ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።»

«ታዲያ የሰይጣን ነው ብለው ሊጽፉልህ ኖሯል?»

«የገዛ መጋቢሽ ከመድረክ ላይ "ይሄ ተረት ነው፣ ተዉት" አላለም?»

«መጋቢ ስለ ማኅተሙ የተሠራውን ቪሲዲ አላየውም።»

«ቪሲዲው ላይስ ማኅተም የለበትም?» አለች ዳርቱ ከበሩ። ጵርስቅላ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ «እናንተ ትስቃላችሁ፤ ሆዴ ባዶ የቀረው እኔ ነኝ» ብላ ገባች። እናትየዋ ተከትላት ገብታ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። የሁለቱ ሹክሹክታ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

ትልቁ ጠብ ግን የቲነሩ ነው። ጉዲሳ ቲነር ቤት የሚያመጣው ወዶ አይደለም፤ ጋራዥ ያደረ ቲነር ጠዋት ጎድሎ ይገኛል፣ ሸሪኮቹም ሁሉም መማል ያውቃሉ። ስለዚህ ማድቤቱ ጥግ ይቆማል። ሲያልቅ ደግሞ ጀሪካኑ አይጣልም፤ በወሰን ባዶ ጀሪካን የሚጥል ቤት የለም። ታጥቦ ይደርቅና ላምባ ይገዛበታል። ከላምባ ምድጃው ሥር የምትቀመጠው የላምባ ጀሪካን ራሷ ያለፈው ጊዜ የቲነር ጀሪካን ነበረች፤ ነጭ፣ ሰማያዊ ክዳን ያላት፣ ሥዕሏ በጵርስቅላ ምላጭ የተፋቀ። ሙሉውን የቲነር ጀሪካን ግን ጉዲሳ «የሥራ ዕቃዬን እንዳትነኪ» ብሎ ቃል አስገብቷት፣ በማዳበሪያ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል። እናም የቤቱ ሕግ ማንም ሳያወጣው እንዲህ ሆኖ ረጋ፤ የተፋቀችው ላምባ ናት፣ እሳት ያለባት ቲነር ናት። ወለተጊዮርጊስ ላምባ ልትቀዳ ስትል ማዳበሪያውን ገለጥ አድርጋ እሳቷን ታያለች፤ አየኋት ትልና ሌላዋን ታነሳለች።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ ጉዲሳ አዲስ ጀሪካን ይዞ መጣ፤ እንደ ላምባዋ ነጭ፣ ክዳኑም ሰማያዊ። የዚህኛው እሳት የሰው መዳፍ ታክላለች፤ ማዳበሪያውም ሊሸፍናት አልቻለም። ጵርስቅላ ከማድቤቱ በር ላይ ቆማ አየቻት።

«ጉዲሳ፣ ይሄ ከዚህ ቤት ይውጣ።»

«ቅዳሜ እወስደዋለሁ። ነገ የምቀባው መኪና አለ፣ ለሱ የሚበቃኝ ጋራዥ አለኝ።»

«ነገ። ነገ ካልወጣ እኔ እወጣለሁ።»

«ውጪ! የሲግናል ታክሲ መች ጠፋ!»

ዳርቱ ያየችው ሁለቱን አይደለም፤ እናቷን ነው። ወለተጊዮርጊስ በዚህ ጊዜ ከእጇ ምንም አልወደቀም። የያዘችውን ብርጭቆ በሁለት እጇ ጨብጣ ምራቷን ብቻ ታያለች፤ ጵርስቅላ ሻንጣ አውርዳ ልብስ ስታጥፍ፣ አንድ ባንድ፣ እያንዳንዱን ቀሚስ በዓይኗ እየተከተለች።

አርብ የጵርስቅላ የጾም ጸሎት ቀን ነው። ጠዋት ሻንጣውን በሯ ላይ አቁማ፣ «ስመለስ አነሳዋለሁ» ብላ ሄደች። ጉዲሳ ከሷ ቀድሞ፣ ሳይሰናበታት ወጥቷል።

መብራት በፈረቃ የነበረበት ዘመን ነው፤ አርብ ደግሞ የእነሱ ሰፈር የጨለማ ተራ ነበር። ያለ መብራት ካስክ አይሠራም፣ ያለ ካስክ ፀጉር አይደርቅም። ዳርቱ የመጡትን ደንበኞች «መብራት ኃይል ፀጉራችሁን ሠርቶላችኋል፣ ሂዱ» ብላ ሸኝታ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷን ዘጋች። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የግቢውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። እናቷ ማድቤት ውስጥ ታንጎራጉራለች።

«ምን ተገኘ?» አለቻት።

«ምንም። ጵርስቅላ አትሄድም።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ» አለች ወለተጊዮርጊስ። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ስትናገር ድምጿ ከማሰሮ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። «ጾሟን ስትፈታ ምስር ወጥ ትቅመስ። ይልቅ ያን ሻንጣ አስገቢልኝ፤ በር ላይ ቆሞ ሟርት ይመስላል።»

ዳርቱ ሻንጣውን አንስታ ወደ ክፍሉ ስትገባ ከኋላዋ «ዱብ» የሚል ድምፅ ሰማች። ትልቅ ድምፅ አይደለም፤ የጤፍ ማዳበሪያ ከጫንቃ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ነው። ዞር ስትል የማድቤቱ ቆርቆሮ በስንጥቁ ሁሉ ብርሃን ያወጣል። እናቷ ከብርሃኑ ውስጥ ወጣች። ሻሿ ይነዳል፣ ቀሚሷ ይነዳል፤ እጆቿን ወደፊት ዘርግታ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው።

ዳርቱ ቆመች። ሰፈር ሁሉ ምላሷን የሚፈራት ዳርቱ አፏን ከፍታ ድምፅ አጣች። ቧንቧው ከትናንት ጀምሮ ደርቋል። ጋሽ ሣህሌ ያጠራቀሙትን አንድ ባልዲ ውሃ ይዘው ወጡና ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ደፉት፤ እሳቱ ግን በውሃው ላይ ተንሳፎ ወደ እሳቸው መጣ። «ኧረ የሰው ያለህ! ይሄ ምን ዓይነት እሳት ነው?» እያሉ ወደ ኋላ ሸሹ።

ጵርስቅላ የግቢውን በር የከፈተችው በዚያች ቅጽበት ነው። መጽሐፍ ቅዱሷን ጣለች፤ ከገመድ ላይ ገና ያልደረቀ ወፍራም ብርድ ልብስ ጎትታ አማቷ ላይ ወደቀች። አብረው መሬት ላይ ተንከባለሉ። እሳቱን ያጠፋችው በእጇ ነው፤ እየዳበሰች፣ እየጨፈለቀች፣ የገዛ ቆዳዋ ሲላጥ ሳታይ። ዳርቱ አንድ እርምጃ የተራመደችው ጭሱ ብቻ ሲቀር ነበር።

ወለተጊዮርጊስን በዚያው ብርድ ልብስ ተሸክመው ዋናው መንገድ አወጧት። ጉዲሳ ከጋራዡ እየሮጠ ደረሰ። ያገኙት ሚኒባስ ተሳፋሪውን አራግፎ ጫናቸው፤ መገናኛ ሲደርሱ ግን መኪናው ሁሉ ቆሟል። ጉዲሳ በመስኮት ወጥቶ «መንገድ ስጡን! እናቴን ነው!» ብሎ ይጮኻል፤ የሚሰጡት መንገድ የላቸውም። እናትየዋ አታቃስትም። ዳርቱን ያስፈራት እሱ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ልታመጣ ወደ ቤት ስትመለስ ዳርቱ ጀሪካኑን አየችው። እናቷ እንደ ልማዷ የላምባ ምድጃውን ሞልታ፣ ጀሪካኑን ከማድቤቱ ውጭ አስቀምጣ ነበር ክብሪት የጫረችው፤ በዚህ የተነሳ ተርፏል። ክዳኑን ከፍታ አሸተተች። ቲነር ነው። አዙራ አየችው። መዳፍ የምታክለው እሳት የለችም። በቦታዋ የምላጭ ጭረት አለ፤ ገና አዲስ፣ ጣት ሲነካው ዱቄቱ የሚረግፍ።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ጵርስቅላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ሁለቱም እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ጉዲሳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ፋቅሽው፣ አይደል?» አለች ዳርቱ።

«ምኑን?»

«አዲሱን ጀሪካን። ባልሽ አትንኪ ያለሽን።»

ጵርስቅላ ቀና አለች። «አልነካሁትም። ጠዋት ስወጣ ሥዕሉ ነበረ። በጌታ ፊት እናገራለሁ፣ ዳርቱ፣ አልነካሁትም።»

«ታዲያ ማን ፋቀው? ያቺ የሲግናል ሴትዮ መጥታ ነው?»

ጵርስቅላ ወደ ባሏ ዞረች። ቲነሩን ከምድጃ አጠገብ ያስቀመጠው እሱ ነው፤ የራሱን ድርሻ ማንሳት ይችል ነበር። ግን ሸክሙን ጠቅላላ የሚሸከም ሰው ተገኝቷል፤ ያም ሰው ስንት ጊዜ ምላጭ ይዞ ታይቷል። ጉዲሳ ጫማውን አየ። ጵርስቅላም ከዚያ በኋላ «አልነካሁትም» የሚለውን ቃል ደግማ አልተናገረችም።

ሐኪሙ «የሚቻለውን እያደረግን ነው» አለ፤ እንዲህ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ዳርቱ ታውቃለች። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ትውላለች። እናቷን ልትዳብስ ትፈልጋለች፤ እጇን የምታሳርፍበት ጤነኛ ቦታ ታጣለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ወለተጊዮርጊስ ከፋሻው መሐል ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ዳርቱ ጆሮዋን አስጠጋች።

«አደራ፣ ኢንታላ ኮ… ጵርስቅላን እንዳታስወጡብኝ። እሷ ምንም…»

ሳሉ ቆረጣት። ዳርቱ «እሺ እማዬ፣ እሺ» አለች። በልቧ ግን እናቷ ይህን ሁሉ ይቅር ስትል ማየት ይበልጥ አንገበገባት። እሷ ይቅር ባለች ቁጥር ዳርቱ ይቅር የማትለው እየበዛ ሄደ።

ወለተጊዮርጊስ ሳምንቱን አልጨረሰችም።

ከለቅሶው በኋላ የጵርስቅላ ወንድሞች ከሲግናል ታክሲ ይዘው መጡ። ጋሽ ሣህሌ በሽምግልና ተነስተው፣ «ልጄ ጉዲሳ፣ ይቺ ልጅ እጇን እሳት ውስጥ የከተተች ናት፤ አንድ ነገር ተናገር እንጂ» አሉት። ጉዲሳ፣ «ዳርቱ እንዳለችው ይሁን» አለ። ሁሉም ዳርቱን አየ። የእናቷ አደራ ትዝ አላት። «ቁጭ በይ» የሚል አጭር ቃል ነው፤ ልትለው አፏን ከፈተች። ጵርስቅላ በተጣበቁ ጣቶቿ ሻንጣውን ማንሳት አቅቷት ስትታገል አየች፤ ያኔ ከአፏ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ምላጭሽን እንዳትረሺ።»

ጵርስቅላ ሻንጣውን ለወንድሟ ትታ፣ ማንንም ሳትወቅስ ወጣች።

ክረምቱ አለፈ። ጉዲሳ ፍቺውን ጨርሶ ዱከም ሥራ አገኘና ሄደ። ስልክ ሲደውል ስለ አየሩ ይጠይቃል። ጵርስቅላ ሐዋሳ አንድ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዳገባች፣ ሠርጓም ላይ ነጭ ጓንት አድርጋ እንደነበር በሲግናል ሰው በኩል ተሰማ። ግቢው ውስጥ የቀሩት ዳርቱና ጋሽ ሣህሌ ናቸው።

እትዬ አስካለች የመጡት በጥቅምት ነው። ከግቢው በር አለፍ ብሎ ባለች የመስኮት ሱቅ ሻማ፣ ክብሪት፣ ሳሙና የሚሸጡ የወለተጊዮርጊስ የልብ ወዳጅ ናቸው። በዚያችው አርብ እኩለ ቀን ላይ እህታቸው ታመመች ተብለው፣ ሱቃቸውን ዘግተው ደብረ ብርሃን ሄደው ነበር፤ ሲያስታምሙ ከርመው፣ ቀብረው፣ አሁን መመለሳቸው ነው። ደጃፉ ላይ ጀምረው አለቀሱ። ዳርቱ ደግፋ አስቀመጠቻቸው።

«ወይ አለመታደሌ፣ ለቅሶዋ ሳልደርስ! ለመሆኑ ምራትየዋ እጇ ዳነላት?»

«ሐዋሳ ናት። አግብታለች።»

«ምነው? እናትሽ እንደዚያ የሳሳችላትን?»

«እናቴን የፈጀቻት እሷ አይደለች? የቲነሩን ሥዕል ፍቃ ከላምባው ጋር አመሳሰለችባት።»

እትዬ አስካለች መሀረባቸውን ከዓይናቸው አወረዱ። «የትኛውን ሥዕል?»

«እሳቱን ነዋ። ያኔ አርብ።»

«አርብ?» አሉ እትዬ አስካለች። ፊታቸው ላይ ያለው እንባ ቆሞ ነበር። «አርብ ጠዋት እኮ እናትሽ መጥታ ከእኔ ምላጭ ገዝታለች። "በዚህ ዕድሜሽ ምንሽን ልትላጪ ነው?" ብዬ ቀለድኩባት። "ጵርስቅላ ከጸሎት ሳትመለስ ያንን ሥዕል ላጥፋላት፤ ካላየችው አትሄድብኝም" አለችኝ። እዚያው ደጄ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፍቃ ጨርሳ ነው የሄደችው።»